የቤታችን ቢጫ መብራት

አዳማ ውስጥ ጠዋት የሚጀመረው በመብራት ነው። ከኩሽናው በር በላይ፣ ድሮ ሰው ሥዕል ይሰቅልበት በነበረው ቦታ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መብራት አለች። አረንጓዴ ከበራች ቤቱ ደሙ ቀሎ፣ ስኳሩ ወርዶ አድሯል። ቢጫ ከበራች ከብዷል። ቀይ ከበራች ከጤና ጣቢያ ሰው መጥቶ ያንኳኳል፤ ጎረቤትም መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያያል። እኔ የመብራቷን ቀለም መለየት ካቃተኝ ቆይቷል፣ ዓይኔ ደክሟል። ስለዚህ አለኝታ በድምጿ ትነግረኛለች።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶሊያና። ቤታችሁ ዛሬም ትንሽ ከብዷል።»

አለኝታ ሰው አይደለችም። ከመብራቷ ጋር አብራ የምትገጠም ድምፅ ናት፤ በየቤቱ አለች። ትሑት ናት፣ አትቆጣም፣ አትሳደብም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ትንሽ ከብዷል» ስትል የምራቷን ጥፋት በእንግዳ ፊት የምታለሳልስ አማት ትመስለኛለች።

ሁላችንም ከጆሯችን ጀርባ፣ ቆዳ ሥር፣ ዶቃ አለን። የበላነውን ታውቃለች። ድንች ብንቀምስ ታውቃለች፣ ማር ብንልስ ታውቃለች። ማን እንደበላ ግን አትናገርም። የባልን ለብቻ፣ የሚስትን ለብቻ አትልም፤ ደምራ የቤቱን ነው የምትናገረው። ሕጉ ሲወጣ «ባልና ሚስት እንዳይካሰሱ» ተብሎ ነው የወጣው። አንድ ቤት፣ አንድ ደም። ጤና ጣቢያው በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ዘንድሮ ሠርግ ላይም መራቂዎች ይሉታል።

ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ። ባሌ ኢዮስያስ የለበትም። እንግዲህ ቤቱ ሲከብድ ማን ይጠረጠራል?

ሥራዬ ሹሩባ ነው። ከገበያው ወረድ ብሎ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሰው ዛሬም ስለ ሥራው ሲያወራ «እንጀራዬ ነው» ይላል፤ ቃሉ ቀርቶልናል፣ ደም ያከብዳል ተብሎ ከከተማ የሄደው እንጀራው ነው። ከእናቴ የወረስኩት መሶብ ቅጥያ ፀጉር ማስቀመጫ ሆኗል፤ ልጃገረዶቹ መጀመሪያውኑ ለዚያ የተሠራ ይመስላቸዋል። እማማ ሶሊያና ነው የሚሉኝ። እኛ ስንወለድ ስማችን የፋሽን ነበር፣ አሁን የአሮጊት ስም ሆኗል። ዘመናዊ ነን የሚሉት ለልጆቻቸው ተዋበችና በለጠ እያሉ ነው የሚያወጡት።

ዓይኔ ሲደክም መጀመሪያ የነገረኝ ፀጉር ነው። ስጎነጉን ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል፣ አይሳሳትም። ፀጉሩን በማበጠሪያው ጫፍ መክፈል ላይ ግን ዓይን ያስፈልጋል። መስመሩ ይጣመምብኝ ጀመር። ደንበኞቼ ጨዋ ናቸው፣ መስታወቱን እያዩ ዝም ይላሉ። አንዲት የሙሽራ እናት ብቻ ናት «እማማ፣ መሀሉ ዞረ እኮ» ያለችኝ። ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። እንደገናም ዞረ።

«ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው፤ ከባዱ ተራው ነው» አለችኝ ሐኪሟ። ቤቱ አንድ ክረምት ሙሉ አረንጓዴ ካልበራ ተራ አይደርስም። ቤቱ ሳይጠራ ዓይን ቢያጠሩት ውኃ በወንፊት ነው ይላሉ፤ ተመልሶ ይበላሻል። ብዙ ከቆየ ደግሞ የጠፋው ብርሃን አይመለስም አለችኝ። የእኔን ደም ለብቻው መርምሪልኝ ብላት ሳቀች። «እማማ፣ መርፌ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ዶቃው እያለ።»

ከዚያ ስንወጣ ኢዮስያስ በሩ ላይ እጄን ያዘ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ እሱ ቆሟል።

«ሶሊ፣ አንቺ የማትበዪውን እኔ አልበላም» አለኝ። «አንቺ ጎመን፣ እኔም ጎመን። አፈር ስሆን አትፍሪ።»

እኔ እዚያው አለቀስኩ። ጤነኛ ሰው፣ የባትሪ ጣቢያ ላይ ቆሞ የባጃጅ ባትሪ ሲያነሳ ሲያስቀምጥ የኖረ ጉልበተኛ፣ ለእኔ ብሎ ሆዱን አሠረ ብዬ ነው። ለደንበኞቼ ሁሉ አወራሁላቸው። «ወይ መታደል» ይሉኝ ነበር፤ አንዳንዷ ቤቷ ሄዳ ባሏን ሳትነዘንዝበት አልቀረችም።

አበላላችን እንደ ከተማው ሰው ነው። ጠዋት እንቁላል በቅቤ፣ ቀን ጎመንና አይብ፣ ሥጋ ከተገኘ ሥጋ፣ ከእሱ ጋር የተልባ ቂጣ። የተልባው ቂጣ ተጠቅልሎ ከፋብሪካ ይመጣል። መልኩ እንጀራ ነው፣ ዓይን ሳይቀር አለው። ጠባዩ ግን የመኪና ጎማ ነው፤ በአንድ እጅ ልቁረስህ ብትለው አይሰማህም። በመቀስ ቆርጠን በሹካ እንበላለን። ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነን። በዓል ሲመጣ በሹካ እንጎራረሳለን፣ ጥርስ ያማል እንጂ ሌላ ምንም አይደል። ጾም ሲገባ ደግሞ እንቁላሉም አይቡም ይቀርና ጎመን፣ እንጉዳይ፣ አቮካዶ፣ ሰሊጥ። ከምስር በቀን አንድ ጭልፋ ይፈቀድልኝ ነበር። ያቺን ጭልፋ ከጠዋት ጀምሬ ነበር የማስባት።

መብራቱ ግን ቢጫ ነው። በሳምንቱም ቢጫ።

«ምስሩ ይሆን እንዴ?» አለኝ ኢዮስያስ አንድ ቀን። «እስቲ ተዪው፣ እንየው።»

ተውኩት። ትንሽ ቀን አረንጓዴ ሆነና ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ካሮቱን ተውኩ። ሽንኩርቱን ከወጥ ውስጥ እየለቀምኩ አወጣሁ። የሻይ ወተት ተውኩ። ቀጥሎ ያልተከለከልኩትንም እፈራ ጀመር፤ አቮካዶውን ፈራሁት፣ አይቡን ፈራሁት። መጨረሻ ላይ ከአንድ እንቁላልና ከጎመን በቀር የማምነው ምግብ አልቀረም። ቆሜ መሥራት አቃተኝ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደንበኞቼን ምንጣፍ ላይ አስቀምጥ ነበር። ቀሚሴን ሦስቴ አጠበብኩ። በመጀመሪያው ክረምት ተራዬ አለፈኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ገላዬን ረገምኩት። ይህ ከሃዲ ገላ፣ ምን አጉድዬበት ነው እል ነበር።

ኢዮስያስ እንባዬን ይጠርጋል። «አይዞሽ፣ ነገ ይስተካከላል።»

ከምሳ በኋላ የእግር ጉዞ ታዞለታል፤ ለእሱ ያዘዘችው አለኝታ ናት፣ ደም ያቀላል ብላ። እኔ ዓይኔ ስለማያስኬደኝ ቤት እቀራለሁ። እሱ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል፣ ሲመለስ «ዛሬ በሶደሬ መንገድ ሄድኩ» ይለኛል። አለኝታም ታመሰግነዋለች፤ «አቶ ኢዮስያስ፣ ዛሬ በርትተዋል።» እኔ እኮራ ነበር። ሲገባ እጁ ሳሙና ሳሙና ይላል። ንጹሕ ሰው ነው እል ነበር።

ወንድሜ ናሆም የሞተበት ዓመት ሲደርስ ወደ ምንጃር ሄድን። ለሙት ዓመት ዶቃ ትተኛለች፤ ቀበሌው ለዘመድ ሁሉ አንድ ቀን ይፈቅዳል፣ የዚያን ቀን የተበላ አይቆጠርም። ይህቺን ፈቃድ ያስገኙት ቄሶቹ ናቸው፤ ሙት በተልባ አይዘከርም ብለው ተሟግተው ነው ይባላል።

የናሆም ሚስት ብሌን እንጀራ አቀረበች። እውነተኛውን፣ ከራሷ ማሳ ጤፍ የተጋገረውን። ዳሱ ውስጥ ትሪው ፊታችን ሲቀመጥ ሁሉም ሰው ወደ እንጀራው አጎነበሰ። ሽታው ብቻውን ያስለቅስ ነበር። ቀጥሎ ግን ሳቅ ሆነ። ከአዳማና ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ሁሉ እንጀራውን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትታል። አንዱ ሹካ አምጡልኝ አለ። አንዷ የቆረሰችውን ወጥ ውስጥ ጥላው ስትፈልግ ቆየች። እኔም የጠቀለልኩት ተፈቶ ወጡ በክንዴ ወረደ፤ የመንደሩ ሴቶች ሶፍት እያቀበሉኝ ይስቁብኛል። እጄ ፀጉር ያውቃል እንጂ እንጀራ ረስቷል።

ያን ጊዜ ነው ኢዮስያስ ያጎረሰኝ።

«እንኪ፣ በሞቴ።»

አፌን ከፈትኩ። ጉርሻው ገባ። ልኩን የያዘ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ወጡ መሀሉ የተያዘ፤ አንዲት ጠብታ አገጬ ላይ አልወደቀችም። አላምጬ ሳልጨርስ ገባኝ። እኔ የምኖረው በጣት ነው። የተወ እጅና ያልተወ እጅ አንድ አይደሉም። ከወሊድ ተነስታ ወደ ሥራ የምትመለስ ሠራተኛ እንኳ የመጀመሪያ ሹሩባዋ ይላላል። ይህ እጅ ትናንትም እንጀራ የቆረሰ እጅ ነው።

ብሌን ከትሪው ማዶ አይታ ኖሮ ሳቀች። «ጋሼ ኢዮስያስ፣ ያንተ እጅ ከተማ አልገባም እንዴ? ከእኛ ይበልጥ ታጎርሳለህ።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ግን ሳቁን ከሁሉም ቀድሞ ያቆመው እሱ ነው።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። «ድገመኛ» አልኩት። እጄን የእጁ አንጓ ላይ አሳረፍኩ፣ እንደ መደገፍ። አውራ ጣቱ ተጫነ፣ ሁለቱ ጣቶች ሳቡ፣ እንጀራው ተቆረሰ፣ ተጠቀለለ። ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ አልተነሳም። ሁለተኛው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ሆኖ መጣ። ዋጥኩት። ሦስተኛ አልጠየቅሁም።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ሜዳው በመስኮቱ በኩል ለእኔ ወርቃማ ጭጋግ ነው።

«የት ነው የምትበላው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ኢዮስያስ። እጅህን ይዤዋለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ሹፌር የሌለው አውቶብስ ድምፅ እንኳ የለውም፤ የሚደበቅበት ጫጫታ አላገኘም።

«ከባትሪ ጣቢያው ጀርባ» አለ በመጨረሻ። «አንዲት ሴት አለች፤ የሚታወቁ ሰዎችን ብቻ ነው የምታስገባው። አምስት ስድስት ሽማግሌ እንሆናለን። እንጀራ በሽሮ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።»

«የእግር ጉዞህ እዚያ ነዋ።»

«ደርሼ ነው የምመለሰው። መራመዱንስ እራመዳለሁ።»

ይህን ሲል አልዋሸም፤ አለኝታም ያመሰገነችው ለእርምጃው ነው። ሳቄ መጣ፣ መልሼ ዋጥኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ጤና ጣቢያው በር ላይ ቃል ከገባህልኝ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ» አለ። ቀጥሎ «ራበኝ፣ ሶሊ» አለኝ፣ እንደ ልጅ።

«እኔስ?»

ኮቱን ሰበሰበ። እኔ ግን አልጨረስኩም። ሰርቆ በላ፤ ይሁን፣ ሆድ ነው። ሌባ ሆድ ያለው እሱ ብቻ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነበር።

«ምስሩን ተዪው ያልከኝ አንተ ነህ» አልኩት። «መብራቱ ያንተ እንደሆነ እያወቅህ። ካሮቱንም አንተ ነህ። ቀሚሴን ሳጠብብ ክሩን ያስገባህልኝ አንተ ነህ። ለምን?»

እጁን ወደ እጄ ሲያመጣ ተሰማኝ፤ ራቅሁ።

«ቤቱ የሚለካው በድምር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ትንሽ ከቀነስሽ የእኔ ይሸፈናል፣ ድምሩ ይወርዳል ብዬ ነበር። አረንጓዴ ይሆናል፣ አንቺም ተራሽ ይደርሳል፣ ማንም አይጎዳም ብዬ። ለጥቂት አልሆነም እንጂ።»

ለጥቂት። አዳማ እስክንደርስ ይህን ቃል ነበር የማስበው። ባሌ ምሳውን የበላው በሽሮ ብቻ አልነበረም። የእኔን ረሃብ እያጠቀሰ ነው የበላው። እኔ አንድ እንቁላል ፊቴ አድርጌ ልብላው አልብላው እያልኩ ስፈራ፣ እሱ ለነገው እንጀራ ቦታ እያስለቀቀኝ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። እኔ ከፈረስም አልቆጠርኩትም ነበር፤ እግሬ ነው ያልኩት።

ቤት ስንደርስ ቆሜ ለአለኝታ ተናገርኩ። «ለብቻዬ መቆጠር እፈልጋለሁ።»

«ገብቶኛል፣ ወይዘሮ ሶሊያና» አለች። «ለብቻ ለመቆጠር አቶ ኢዮስያስ ከዚህ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም። ምክንያት መናገር አይጠበቅብዎትም።»

«ሶሊ፣ በዚህ ዕድሜያችን» አለ ኢዮስያስ። «ሽማግሌ ይግባ። በአንድ ሽሮ ትዳር ይፈርሳል?»

«በሽሮ አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

«ሳለቅስ እንባዬን የጠረግክበት እጅ ያው እጅ ነው።»

ወደ እህቱ ቤት ወንጂ ሄደ። ልብሱን ራሴ አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ከክፋት ሳይሆን ከልማድ። ሽማግሌዎችም መጡ። ሁለቱ ሲቀመጡ እጃቸው ሳሙና ሳሙና ይል ነበር። አልተከራከርኳቸውም፤ ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት አለኝታ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ቤትዎ ቀልሏል» አለችኝ። በማግሥቱም አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ብላ አታውቅም። ገላዬ ለካ ሲረገም የኖረው ያለ ኃጢአቱ ነው። ኩሽናው በር ሥር ቆሜ መብራቷን ለማየት ዓይኔን አጠበብኩ፤ የሆነ ነገር ይበራል፣ ቀለሙ አይታየኝም። ሐኪሟ ቆጠራው ከዛሬ ይጀምራል፣ ያለፈው አይያዝልዎትም አለችኝ። የግራ ዓይኔ ጊዜው አልፎበታል። ቀኙ፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ይደርስ ይሆናል።

ኢዮስያስ የመጣው እሑድ ጠዋት ነው፣ የእግር ጉዞ ጫማውን ሊወስድ። በሩን ከፈትኩለት። እግሩ እንደገባ አለኝታ ተናገረች።

«እንግዳ ገብቷል። የእንግዳው አይደመርም።»

እሱ ደንግጦ ቆመ። የዚህን ቤት ጣሪያ የመታ፣ ይህቺን መብራት ራሱ የገጠመ ሰው ነው። ጫማህ ከበሩ ጀርባ ነው አልኩትና ወደ ቁርሴ ተመለስኩ። አንድ እንቁላል በልቼ ጨርሻለሁ። ሌላ ቀቅዬ ነበር፣ ግን ልማድ ሆኖ ሳህኑ ዳር ገፍቼዋለሁ።

«ወይዘሮ ሶሊያና» አለች አለኝታ በዚያችው በለሰለሰች ድምፅ፣ «ለብቻዎ ሲለኩ ከሚገባዎ እጅግ አሳንሰው ነው የሚበሉት። ሰውነትዎ የቆየ ረሃብ አለበት። እባክዎ ይጨምሩ።»

በእጄ የጨው ዕቃውን ፈለግሁ። ኢዮስያስ ጫማውን አንሥቷል፣ ግን አልሄደም። አተነፋፈሱ ይሰማኛል።

«ሶሊ» አለ።

ሁለተኛውን እንቁላል ወደ ራሴ ሳብኩ። ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጌ ቀስ ብዬ በጣቴ ላጥኩት፣ ጨው ነካ አደረግሁበት፣ በላሁት። ከማቀዝቀዣው አይብም አወጣሁና ጨመርኩ። እሱ ጫማውን እንደያዘ ቆሞ ያየኝ ነበር። አልገላመጥኩትም፣ ውጣም አላልኩትም። ሳልበላ እያየ ለኖረ ሰው፣ ስበላ ማየት አይከብደውም።